ዜናው ተራራውን ሳይወጣ፦ በቶሮንግ ላ በር የደረሰው የጥቅምት 2007 አደጋ

በኔፓል የአናፑርና ተራሮችን በእግሩ የሚዞር ሰው ከጉዞው ቀናት ሁሉ አንዱን ይናፍቀዋልም ይፈራዋልም። የቶሮንግ ላን በር የሚሻገርበት ቀን ነው። «ላ» በቲቤት ቋንቋ የተራራ በር ማለት ነው፤ እኛ ጣርማ በር እንደምንለው። የዚህ በር ከፍታ 5,416 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ቆሞ ሌላ ስምንት መቶ ሜትር ገደማ ወደ ላይ የወጣ ሰው ነው እዚያ የሚደርሰው።

ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚህ በርና በአካባቢው በወረደው የበረዶ ውሽንፍርና ናዳ ቢያንስ 43 ሰዎች ሞቱ። ከ500 በላይ የሚሆኑ ደግሞ በቀጣዮቹ ቀናት በሄሊኮፕተርና በእግር ፈላጊዎች ተገኝተው ወረዱ። እስከዚያ ድረስ በኔፓል የተራራ እግር ጉዞ ታሪክ ከዚያ የከፋ ቀን አልነበረም። እኔ ሰዎችን ይዤ ተራራ የምወጣ ሰው ነኝና ይህን ጉዳይ ለዓመታት እየተመላለስኩ አንብቤዋለሁ፤ የተረፉት የተናገሩትንም ሰብስቤያለሁ። ደጋግሜ የምመለስበት ምክንያት አንድ ነው። ማዕበሉ ድንገተኛ አልነበረም። ከቀናት በፊት ስም ወጥቶለት፣ መንገዱ በካርታ ላይ ተሰምሮ፣ በጎረቤት አገር ሕዝብ እንዲሸሽ ያደረገ ማዕበል ነበር። ያን ቀን በበሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ አያውቁም ነበር።

ጥቅምት በሂማላያ የተመረጠ ወር ነው። የክረምቱ ዝናብ ይወጣል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ተራሮቹ ከሩቅ ጥርት ብለው ይታያሉ። እኛም አደይ ሲፈነዳ ሰሜን ተራሮችን የምናስበው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ ስሜቱ አይጠፋንም። ማረፊያዎቹ ይሞላሉ፣ አስጎብኚው ሥራ ያገኛል፣ ተሸካሚው የዓመት ቀለቡን የሚያገኘው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። በዚህ ወር ከባድ በረዶ አይጠበቅም። ሰው «ወቅቱ ደህና ነው» ብሎ ያመነበት ነገር ስለሆነ ልብስም ሲይዝ፣ ቀንም ሲቆርጥ ያንን አምኖ ነው።

ማዕበሉ የተነሣው ከዚያ እጅግ ሩቅ ከሆነ ባሕር ነው። በመስከረም መጨረሻ ከአንዳማን ባሕር ተነሥቶ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላይ እየበረታ ሄደ። ሁድሁድ ተባለ። የአካባቢው አገሮች ለአውሎ ነፋሶች በየተራ ስም ያዋጣሉ፤ ይህን ስም ያዋጣችው ኦማን ነበረች። ሁድሁድ በራሷ ላይ ጉትዬ ያላት ወፍ ናት፤ በቁርኣን ውስጥ የሳባን ንግሥት ዜና ለንጉሥ ሰሎሞን ያደረሰችው እሷ ናት። ከአገራችን ታሪክ ጋር እንዲህ የተሳሰረ ስም ሳይ ልቤ ይነካል። ዜና በማድረስ የታወቀች ወፍ ስም የተሰጠው ማዕበል ዜናው ሳይደርስ ሰው ገደለ።

የሕንድ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ሁድሁድን ቀን በቀን ተከታትለውታል። በባሕሩ ዳር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ተደርጓል። ጥቅምት 2፣ እሁድ ዕለት፣ በአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር በቪሳካፓትናም ከተማ ወደ የብስ ገባ፤ ከተማይቱንም ክፉኛ ጎዳት። አውሎ ነፋስ የብስ ሲገባ ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመው እርጥበት ግን አብሮት አይጠፋም። ይህም እርጥበት ወደ ሰሜን አቀና። ከምዕራብ ከመጣ ቀዝቃዛ የአየር ሞገድ ጋር ተገናኘና ሂማላያ ላይ ሲደርስ ተራሮቹ ወደ ላይ ገፉት። የወጣ አየር ይቀዘቅዛል፣ የያዘውን ይለቃል። በዚያ ከፍታ የሚለቀው ደግሞ ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው። ከቪሳካፓትናም እስከ አናፑርና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እርጥበቱ ያን ለመሄድ ሁለት ቀን ያህል ወስዶበታል። ሁለት ቀን ብዙ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ከበሩ በታች ካለው ከማናንግ መንደር ሳይነሣ ቢቀር፣ ወይም ከበሩ ሥር ካለው ማረፊያ ወደ ኋላ ቢመለስ ይበቃው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ በረዶው አንድ ነገር ልበል። እኛ በረዶ ስንል አብዛኞቻችን ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ነው የምናስበው፤ ያማል፣ ያልፋል፣ ይቀልጣል። ያን ቀን የወረደው ሌላ ነው። እንደ ተባዘተ ጥጥ እየረገፈ፣ እየተደራረበ፣ መንገዱን፣ ድንጋዩን፣ ገደሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ የሚሸፍን ነው። በግማሽ ቀን ውስጥ አንዳንድ ቦታ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ መውረዱ ተነግሯል። በዚያ ውስጥ የሚሄድ ሰው እግሩን እስከ ወገቡ ድረስ እየነቀለ ነው የሚራመደው። ነፋስ ሲጨመርበት ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ይሆናሉ፤ ከፊት የሚሄደው ሰው ሁለት እርምጃ ሲርቅ አይታይም። ጩኸትም አይሰማም።

አሁን ከአደጋው በፊት ወደነበረው ማታ ልመለስ። በሩን የሚሻገሩ ሰዎች ከዋዜማው ጀምሮ ወደ 4,500 ሜትር አካባቢ ቶሮንግ ፌዲ በሚባለው ማረፊያ ወይም ከዚያ በላይ ባለው ሰፈር ያድራሉ። ልማዱ ከሌሊቱ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ተነሥቶ መውጣት ነው፤ ረፋዱ ላይ በበሩ ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ። ወጥተው፣ ተሻግረው፣ በወዲያ በኩል ወደ ሙክቲናት 1,600 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ሙክቲናት ሂንዱዎችና ቡድሂስቶች የሚሳለሙት ቅዱስ ቦታ ነው። ቀኑ ረጅም ነው፤ አንድ ጊዜ በሩ ላይ ከደረሱ በኋላም ወደ ፊት መውረድም ወደ ኋላ መመለስም ሰዓታት ይፈጃል። ከተረፉት አንዳንዶቹ እንደተናገሩት ገና ከማረፊያው ሲነሡ በረዶው ጀምሮ ነበር። ያልፋል ብለው ወጡ። ሌሎችም እየወጡ ነበርና።

እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምቆምበት ይህች ሰዓት ናት። ወደ ላይ የሚሄዱ መብራቶች በጨለማ ውስጥ ተከታትለው ሲታዩ የሚያዩትን ሰው ይስቡታል። አንዱ «ይኸ ሁሉ ሰው ቢያውቅ ነው» ይላል፣ ከፊቱ ያለውም ስለ ከፊተኛው እንዲሁ ያስባል፤ በመጨረሻ ማንም አላወቀም። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደተጓዘ፣ ስንት ብር እንዳወጣ፣ የመመለሻ አውሮፕላኑ መቼ እንደሆነ በልቡ ያሰላል። አስጎብኚውም ቢጠራጠር የሚከፍለውን ሰው «ዛሬ አንወጣም» ለማለት ደፋር መሆን አለበት። ሥራው ስለሚበዛ ጀማሪ አስጎብኚዎችም በዚያ ወቅት በብዛት ተራራው ላይ ይገኛሉ። በጨለማ፣ በብርድ፣ ኦክስጅን ባነሰበት ከፍታ ላይ ሆኖ መመለስን መወሰን በቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደመናገር ቀላል አይደለም፤ እኔም ቀላል ነው አልልም። ለዚህ ነው ውሳኔው ማታውኑ፣ ራት ላይ፣ ሁሉም ሞቆት ሳለ ማለቅ ያለበት።

በበሩ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚሰጠው። በዚያ ከፍታ ጤነኛ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚያስበው። ሰውነት ላብ ያበዛል፣ ላቡ ልብሱን ያርሳል፣ ነፋሱ የራሰውን ያቀዘቅዛል። የሰውነት ሙቀት እየወደቀ ሲሄድ መጀመሪያ እጅ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ንግግር ይንተባተባል፣ ከዚያ ሰውየው ደክሞኛል ትንሽ ልቀመጥ ይላል። ያቺ መቀመጥ ናት ብዙዎችን ያስቀረችው።

በበሩ ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ሻይ ቤት አለች። በደህናው ጊዜ ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚያልፍባት ናት። ያን ቀን መንገድ የጠፋባቸው በርካታ ሰዎች ተጨናንቀው ገቡባት። አንዲት ተጓዥ ከወገኖቿ ተለይታ በበረዶው ውስጥ ተስፋ በቆረጠችበት ሰዓት የምታውቀው ኔፓላዊ አስጎብኚ አግኝቷት ጎትቶ ወደዚያች ቤት እንዳስገባት ተናግራለች። ቤቲቱ ማሞቂያ የላትም፤ ሰው ለሰው ተጠጋግቶ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው እየተነቃቁ ነው ያደሩት።

ሁሉም ግን አላደሩም። ከሰዓት በኋላ መንገዱን አውቃለሁ ያለ ሰው ተከትለው ወደ ሙክቲናት ለመውረድ የወጡ ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ በጭጋጉ ተበታትነው የቀሩ አሉ። እዚያው ያደሩት በማግስቱ ሰማዩ ሲገልጥ ወጡ። ይህን ስናገር የወጡትን ለመውቀስ አይደለም። ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ብርዱ እየጠና፣ ምሽት እየመጣ፣ ሦስት ሰዓት ብንሄድ ሞቃት አልጋ አለ የሚለው ሐሳብ ምን ያህል እንደሚጎትት ተራራ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ጠለላ ያገኘ ሰው ከፊቱ ያለውን ማየት እስካልቻለ ድረስ ከጠለላው መውጣት የለበትም። ረሃብ በአንድ ሌሊት አይገድልም፤ ነፋስና እርጥብ ልብስ ግን ይገድላሉ።

ከ43ቱ ሟቾች መካከል የውጭ ተጓዦች ብዙ ነበሩ፤ ከካናዳ፣ ከእስራኤል፣ ከሕንድ፣ ከፖላንድና ከሌሎችም አገሮች የመጡ። የዓለም ዜና ያወራው በአብዛኛው ስለ እነርሱ ነው። ከዚያው ማዕበል የተነሣ በዳውላጊሪ ተራራ ሥር በሰፈሩ ሰዎች ላይ ናዳ ወርዶ አምስት ሰው ገድሏል። ኔፓላውያን ሟቾች ግን በርካታ ነበሩ። አስጎብኚዎች፣ ተሸካሚዎች፣ ያክ የሚባለውን ጠጉራም የተራራ ከብት የሚጠብቁ እረኞች።

ስለ ተሸካሚዎቹ ማሰብ አላቆምም። ተጓዡ ውድ ጃኬትና የበረዶ ጫማ ለብሶ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ጀርባው ላይ አድርጎ ከኋላው የሚመጣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ሹራብና ተራ ሸራ ጫማ ነው ያለው። እሱ «ዛሬ አልወጣም» ካለ የዛሬ ደመወዙ ብቻ አይደለም የሚቀርበት፤ ነገም የሚጠራው አያገኝም። ስለዚህ ተጓዡ እሱን ሳይጠይቅ የሚወስነው ውሳኔ በእሱም ሕይወት ላይ ነው የሚወስነው። ተራራን በኃላፊነት መጎብኘት ሲባል ቆሻሻን ይዞ መውረድ፣ አበባ አለመቅጠፍ፣ እንስሳትን አለመረበሽ ይነሣል፤ ልክ ነው፣ መነሣት አለበት። እኔ ግን ከእነዚያ ሁሉ በፊት የማስቀድመው «አይሆንም» ማለት የማይችለውን ሰው የት ይዤው ልሄድ ነው የሚለውን ነው።

ከአደጋው በኋላ የኔፓል ጦር ሄሊኮፕተሮችና የአካባቢው ሰዎች ለቀናት ሲፈልጉ ሰነበቱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሱሺል ኮይራላ የአየር ሁኔታ መረጃ በጊዜ ባለመድረሱ ብዙ ሕይወት መጥፋቱን ተናግረው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንደሚዘረጋ ቃል ገቡ። ያለ አስጎብኚ መጓዝ ይከለከላል፣ ተጓዦች አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ይይዛሉ የሚሉ ሐሳቦችም ወዲያው ተነገሩ። ብቻውን የሚጓዝ የውጭ ሰው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ እንዲይዝ የሚያስገድደው ደንብ በተግባር የተጀመረው ግን በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው። ከስምንት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ። ደንቡን አልነቅፈውም። ሆኖም ያን ቀን ከሞቱት ውስጥ አስጎብኚ የነበራቸውም፣ ራሳቸው አስጎብኚ የሆኑም አሉ። መሪ ሰው ዜና ከሌለው እንደማንኛችንም ነው፤ መንገዱን ያውቃል፣ ማዕበሉን አያውቅም።

ይህን ጉዳይ ወደ አገራችን ሳመጣው የሚመሳሰልም የማይመሳሰልም አለው። በእኛ ተራሮች ሁለት ሜትር በረዶ አይወርድም። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ሰው ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ ኔፓል ዘግይታ ያመጣችውን እኛ ከዱሮ ጀምሮ አለን፣ ትልቅ ነገር ነው። በዚሁ ፓርክ ያለው የቧሒት ተራራ ጫፍ ግን 4,430 ሜትር ገደማ ነው፤ ቶሮንግ ፌዲ ከሚያድሩት ሰዎች አልጋ እምብዛም አያንስም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሦስተኛው ቀን እዚያ የሚቆም ወጣት «እኔ ደገኛ ነኝ» ብሎ ራስ ምታቱን ሲደብቅ አይቻለሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ይረዳል፣ ግን አራት ሺህን አይተካም። ከሰዓት በኋላ ከቆላው እየተነሣ ገደሉን የሚሞላው ጉም በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ያጠፋል፤ እዚያ ደግሞ መንገድ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ መቶ ሜትር የሚወርድ ገደል አፋፍ ነው። የጥቅምት ሌሊት ውርጭ እንዴት እንደሆነ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ያወጡት አያቶቻችን ያውቁታል።

የእኛ ተራራ ሁኔታ በአየር ጠባይ ብቻ አይደለም የሚለወጠው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በፓርኩ ውስጥ በተነሣው እሳት የአካባቢው ሕዝብ በእጁ ሲታገል ቆይቶ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ጦርነትና የጸጥታ ችግር የአካባቢውን መንገዶች ያልተረጋጉ አድርጓቸዋል። እዚህ ላይ የዜናው ጉዳይ ይብሳል፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ላይሆን ይችላልና። ባለፈው ወር የሄደ ጓደኛ የሚሰጠው ማረጋገጫ ስለ ባለፈው ወር ብቻ ነው። ደውሎ ፓርኩን መጠየቅ፣ ከዚያ ደግሞ ከመንገዱ ላይ ያሉትን፣ አሽከርካሪዎችንና የበቅሎ ባለቤቶችን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የተለያየ ነገር ካወሩ የከፋውን መያዝ።

ቶሮንግ ላን ካጠናሁ ወዲህ አሠራሬ ተለውጧል። ከመነሣታችን በፊት ለሁሉም የምነግረው ሰዓት አለ፤ እስከዚያ ሰዓት ጫፉ ላይ ካልደረስን ሰማዩ ብሩህ ቢሆንም እንመለሳለን። ገንዘብ ሲሰበሰብ አንድ የመጠባበቂያ ቀን ይጨመርበታል፤ አንድ ቀን ትርፍ ያለው ሰው ማታ ላይ «ነገ እዚሁ እንዋል» ለማለት አይከብደውም። ከመካከላችን በጣም ዝምተኛ የሆነውን ለብቻው እጠይቀዋለሁ፤ የከፍታ ሕመም፣ ማለትም ኦክስጅን ሲያንስ የሚመጣው ሕመም፣ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ፣ ወይም እርምጃው ከተንገዳገደ ወደ ላይ መሄድ የለም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ በሌሊትም ቢሆን ከሰው ጋር።

ሌላው ደግሞ የበቅሎ ነጂዎቹ ጉዳይ ነው። በሰሜን ተራሮች ጨነቅ በሚባለው ማደሪያ እኛ በድንኳንና በወፍራም የመኝታ ከረጢት ስናድር እነርሱ በኮንጎ ጫማና በአንድ ጋቢ ነው እሳት ዳር የሚያድሩት። ለምደውታል ይባላል። የቶሮንግ ተሸካሚዎችም ለምደው ነበር። አሁን ዕቃ ስንጭን ለእነርሱ የሚሆን የዝናብ ልብስና ብርድ ልብስ አብሮ ይጫናል፤ ድንኳናችንም በእነርሱ ቁጥር ተቆጥሮ ነው የሚያዘው። ማታ ራት ላይም ስለ ነገ ስንመካከር አብረውን ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚጠየቁትም እነርሱ ናቸው፤ እኛ ሐሳባችንን ከተናገርን በኋላ ከጠየቅናቸው «እንደወደዳችሁ» ብቻ ነውና የሚሉን። ባለፈው ጊዜ አንድ ሽማግሌ በቅሎ ነጂ ከገደሉ በታች የሚነሣውን ደመና ትክ ብለው አይተው «ልጄ፣ ነገ ቧሒት ባትወጡ» አሉኝ። ከመካከላችን ያዘኑ ነበሩ። አልወጣንም፤ ጨነቅ ዋልን፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ስናይ።